ፕላኑን ከባለ ይዞታው በፊት የሚያውቀው ደላላ

ወዳጆቼ፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ በዚህ ገጽ የምትከታተሉኝ ሁሉ፤ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ተሳስተሃል የምትሉኝ ካላችሁም እስከ መጨረሻው አንብባችሁ በሉኝ።

ቤት በፈረሰ ቁጥር፣ የተጀመረ ግንባታ በእግድ በቆመ ቁጥር፣ አንድ መልስ ይመጣል። ስብሰባ ላይ የሚናገረው ኃላፊም፣ እዚህ ኮሜንት የሚጽፈው ወጣትም ያንኑ ይላል፦ «የኛ ሕዝብ እኮ ሕግ አይወድም። ፈቃድ አውጣ ሲባል በሌሊት ይሠራል። ታዲያ ቢፈርስበት ምን ይገርማል?»

እኔ ይህ ነገር ውሸት ነው እላለሁ። ውሸት ብቻ ሳይሆን፣ ሥራውን ያልሠራ ሰው የሚደበቅበት ጥላ ነው።

ይህ ሕዝብ እኮ በመንገድ ላይ የተጣላ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል እጁን የሚሰበስብ ሕዝብ ነው። ፖሊስ ባልነበረበት ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው፣ ማንም ሳይነዳቸው፣ በእግራቸው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። «ቁራኛ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። እንዲህ ያለ ሕዝብ በግንባታ ጉዳይ ላይ ብቻ ድንገት ሕገ ወጥ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ሕጉ ስለተደበቀበት ነው። የኔ ክርክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይኸው ነው፤ የተደበቀ ፕላን ሕግ አይባልም። ባለ ይዞታው የማያውቀውን፣ ደላላው ግን አብጠርጥሮ የሚያውቀውን ነገር «ደንብ» ብለን ማስከበር አንችልም።

መጀመሪያ ግን የግንባታ ፈቃድ ራሱ ምን እንደሆነ እንስማማ።

ብዙ ሰው ፈቃድን የሚያየው እንደ ቀረጥ ነው፤ ከፍሎ የሚያልፈው ኬላ። ቢሮ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ችሮታ ያየዋል፤ ደስ ሲለው የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚነፍገው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ፈቃድ ባለ ይዞታው ለጎረቤቱና ነገ በዚያ ቤት ውስጥ ለሚተኛው ሰው የሚገባው ቃል ነው። «ስቆፍር ግድግዳህን አልንድብህም፤ መስኮቴን ጓዳህ ውስጥ አልከፍትብህም፤ የዝናብ ውኃዬን በአጥርህ ላይ አላወርድብህም፤ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበትን መንገድ አልዘጋም፤ ልጆችህ ሥር የሚጫወቱበትን ሶሌታ በቀጭን ፌሮ አላቆምም።» ቃሉ ይህ ነው። ቢሮው የቃሉ ምስክር ነው፣ ማኅተሙም የምስክርነቱ ምልክት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚል ሕዝብ ይህን ለመረዳት ሴሚናር አያስፈልገውም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 መንፈሱ ይኸው ነበር። 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው የወጣው። ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። «ሀ» ቀላሉ ነው፤ በኮለኖቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንጻና ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት። «ለ» መካከለኛው ነው። «ሐ» ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ወይም ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ወይም ፋብሪካና ወርክሾፕ የሆነ ሕንጻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አደጋው በበዛ ቁጥር ጥንቃቄውም ይብዛ። የሕንጻ ሹም የሚባል ተጠያቂ ሰው አቆመ። ሹሙ ያሳለፈው ውሳኔ ያልተስማማው ሰው የሚሄድበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድም አቋቋመ። አዋጅ ይሻሻላል፣ ቁጥሩም ይለወጣል፤ መርሁ ግን ይኸው ነው፦ ቀላሉን በቀላሉ፣ ከባዱን በጥንቃቄ፣ እምቢታ ካለም በምክንያት።

አሁን ወደ ቢሮው መስኮት እንሂድ። ሕጉ ሦስት ምድብ ሠራ፤ ሰልፉ ግን አንድ ነው። የዛገ ቆርቆሮ ለመቀየር የመጡ እናትና ባለ 12 ፎቅ ሊያቆም የመጣ ባለሀብት እዚያው ወረፋ ላይ ይቆማሉ። ቆሙ ነው የምለው? ባለሀብቱ እንኳ አይቆምም፤ ጉዳይ ገዳዩ ነው የሚቆምለት። እናትየው ግን ራሳቸው ይቆማሉ። ሰኞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ረቡዕ «ሲስተም የለም»፣ አርብ «ፋይሉ አልተገኘም፣ ከማኅደር ቤት ይፈለጋል»።

ይህ ግን ገና ትንሹ በደል ነው። ወረፋን ሰው ይችላል፤ ይህ ሕዝብ ለዘይትም ለታክሲም ወረፋ ያውቃል። የማይቻለው ጨለማው ነው።

የማውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ። በአንድ ክፍለ ከተማ ነባር ይዞታ ነበራቸው፤ ከባላቸው ጋር የሠሩት የጭቃ ቤት፣ ከኋላው ትንሽ ባዶ ቦታ። ጡረታቸው አልበቃ ሲል ከጓሮ ሁለት የብሎኬት ክፍል ሠርተው ለማከራየት አሰቡ። ማንንም አልሸወዱም፤ በቀን፣ በፀሐይ፣ ካርታቸውን በፌስታል ይዘው ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ይሄ ቦታ ለመንገድ ይፈለጋል።»

የትኛው መንገድ? ስንት ሜትር ይገባል? መቼ? ሁሉንም ነው ወይስ አጥሩን ብቻ? መልስ የለም። «እሺ ልጄ፣ እንግዲያው በወረቀት ስጡኝ» አሉ። «በወረቀት አንሰጥም።»

ክፍሎቹ ቀሩ። ጣሪያውን ለማደስ ሲሄዱም መልሱ ያው ሆነ፣ ስለዚህ ጣሪያውም ቀረ። በሚያፈሰው ቆርቆሮ ላይ ላስቲክ አንጥፈው፣ ድንጋይ ጭነውበት ክረምት አሳለፉ፤ አንድ ክረምት ብቻ አይደለም። በመጨረሻ ደላላ መጣ። በጣም ትሁት ደላላ ነው፤ «እማማ» እያለ ነው የሚያናግራቸው። «እማማ፣ ይህ ቦታ ለመንገድ መሆኑን ሰምተዋል አይደል? ካሳው ምን ያህል እንደሚሆን ደግሞ ያውቃሉ። ሳይቀደሙ ይሽጡት።» ሸጡት። ዋጋውን አልናገርም፤ ያሳፍራል። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ቦታ ላይ ጂ ፕላስ አራት ቆመ፣ ፈቃድ ኖሮት፣ ታፔላው ተሰቅሎ። መንገዱስ የት ሄደ? መንገዱማ ከአጥሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ነበር የሚነካው። አዲሱ ሕንጻ ያችን ጥቂት ሜትር ትቶ ተሠራ፤ አለቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ደላላ ምትሃተኛ አይደለም። መሐንዲስም አይደለም። እናትየው ያጡት፣ እሱ ያገኘው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ካርታ ላይ ያለች አንዲት መስመር። ያችን መስመር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ አይቷታል። እሳቸው ዓመታት ሙሉ ደጅ ጠንተው አላዩዋትም። በዚያች መስመር እውቀትና አለማወቅ መካከል አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ሀብቱን አጣ። ሕገ ወጡ ማን ነው ታዲያ? እኚህ እናት ናቸው?

ይህ ታሪክ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ግን እስቲ በየቤታችሁ ጠይቁ። «ለልማት ይፈለጋል»፣ «አረንጓዴ ቦታ ነው»፣ «የወንዝ ዳር ነው»፣ «ፕላኑ አልመጣም፣ ፕላኑ ሊቀየር ነው» የተባለ ዘመድ የሌለው ማን ነው? ከነዚህ መልሶች ብዙዎቹ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ከተማ መንገድ ያስፈልገዋል፣ ወንዝ ዳርም መጠበቅ አለበት። ችግሩ እውነት መሆን አለመሆናቸውን የምታረጋግጡበት መንገድ የለም። ማረጋገጥ የማይቻል እውነት ደግሞ ከወሬ አይለይም። ወሬ ባለበት ነጋዴ አለ።

ጨረቃ ቤትም የሚወለደው እዚህ ነው። ስሙን ስሙትማ፦ የጨረቃ ቤት። በቀን የተከለከለው ሰው በሌሊት አጣና ይተክላል፣ ሲነጋ ቆርቆሮ መትቶ ይገኛል። ሁሉም ንጹሕ ነው አልልም። መሬት እየወረረ የሚቸበችብ፣ ከውስጥ ሰው ጋር ተሻርኮ ሜዳ የሚሸነሽን እንዳለ አውቃለሁ፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን በገዛ ይዞታው፣ በገዛ ካርታው ላይ፣ ለልጁ አንድ ክፍል ለመጨመር ቅዳሜ ማታን የሚጠብቀውን አባወራ ከመሬት ወራሪ ጋር በአንድ ስም የጠራነው እኛ ነን። ያ ሰው በቀን ጠይቆ መልስ ቢያገኝ ኖሮ በሌሊት ምን አስቸኮለው? በሌሊት ሲሠራ መሐንዲስ አይጠራም፣ ምክንያቱም ይታወቅበታል። አርማታውን በችኮላ ያቦካል። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ «ለሻይ» ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ወር ሌላው ይመጣል፣ ለእሱም ይሰጣል። ለፌሮ ሊሆን የሚገባው ገንዘብ በሻይ አለቀ። ካሳ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ያች ክፍል እንዳልነበረች ልትቆጠር ትችላለች። የተደበቀ ፕላን ዋጋው ይህ ነው፤ ደካማ ቤት፣ ሌባ ተቆጣጣሪና ባዶ እጁን የቀረ ባለቤት።

«ፕላን ለሕዝብ ማውጣት ቀላል አይደለም» ይሉኛል። እሺ፣ እንነጋገርበት።

የአዲስ አበባ አስተዳደር የሊዝ ጨረታ ሲያወጣ «አዲስ ልሳን» ጋዜጣ ላይ ምን ይታተም ነበር? ቦታው በኮድ፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ የሕንጻው ከፍታ፣ መነሻ ዋጋው፣ ሁሉም በሠንጠረዥ። ሰዉ ጋዜጣውን ገዝቶ፣ ቦታውን ሄዶ አይቶ፣ አስልቶ ነበር የሚወዳደረው። አያችሁ? መሬቱ ለጨረታ ሲቀርብ ፕላኑ ይታተማል። ነዋሪው በገዛ ይዞታው ላይ ሲጠይቅ ግን ፕላኑ ምስጢር ነው። ስለዚህ ነገሩ የአቅም ጉዳይ አይደለም። ገንዘብ የሚያስገባው ፕላን ብርሃን ያገኛል፤ መብት የሚሰጠው ፕላን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

«ሕዝቡ ፕላን ማንበብ አይችልም» የሚሉም አሉ። ይህ ንቀት ነው። የ20/80 እና የ40/60 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ በሺዎች ከሚቆጠሩ ስሞች መካከል የራሱን ስምና ቁጥር ፈልጎ የሚያገኝ ሕዝብ፣ የገዛ ሰፈሩን ካርታ አስቀምጡለትና አይቶ ቤቱን አይለይም? የማያነብ ካለም ልጁ ታነብለታለች። ልጁ የተማረችው ለምን ሆነና?

ከዚህ ሁሉ የሚጠነክረው ሦስተኛው መከራከሪያ ነው፤ በክፍል ውስጥም ተማሪዎች ያነሱብኝ ነበር። «ፕላኑ ከታወቀ ደላላና አየር በአየር ነጋዴ ይረባረብበታል፣ የመሬት ዋጋ ይንራል፣ መንገድ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሰው ካሳ ለመብላት ቤት ይሠራል።» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ከላይ በነገርኳችሁ ታሪክ ውስጥ አለ። ደላላው እኮ አሁንም ያውቃል! ምስጢሩ የተደበቀው ከደላላው አይደለም፤ ከእናትየው ነው። ፕላን ሲደበቅ የሚጠቀመው ምስጢሩን መግዛት የሚችለው ብቻ ነው። ለሁሉም የታወቀ ነገር ግን አይሸጥም። ማን ፀሐይን ሊሸጥልህ ይችላል? ካሳ ለመብላት የሚሠራውንም የምትከለክለው ፕላኑን በማወጅ ነው፤ «ከዚህ ቀን ጀምሮ በዚህ መስመር ላይ የሚሠራ ካሳ አያገኝም» ብለህ በይፋ ስትናገር። ያላወጅከውን መስመር ጥሷል ብለህ ማንን ትከሳለህ?

ሕጉም ቢሆን ከኔ ጋር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በአንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የሕዝብና የመንግሥት ነው ካለ በኋላ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሕዝብ ተሳትፎንና ግልጽነትን ከመርሆቹ ውስጥ አስገብቷል። የዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው አረጋግጧል። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ «በወረቀት አንሰጥም» የሚል ሰው በምን አዋጅ ነው የሚናገረው? ሕግ አይወድም የሚባለው እናትየዋ ናቸው ወይስ እሱ?

በውጭ ያላችሁ ወዳጆቼ ይህ ጉዳይ በደንብ ይገባችኋል። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ የማንኛውንም ቤት ዞን በስልካችሁ ድረ ገጽ ከፍታችሁ ታያላችሁ። ጎረቤታችሁ ከደንቡ ወጣ ያለ ነገር ሊሠራ ካመለከተ ማስታወቂያው እዚያው ደጁ ላይ ይለጠፋል፤ የምትቃወሙበትም ቀን ይነገራችኋል። እነዚሁ ሰዎች ናቸው እንግዲህ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላለችው ቦታቸው ሲሆን ለወንድማቸው ውክልና ልከው፣ ወንድምዬው ለጉዳይ ገዳይ ከፍሎ፣ ጉዳይ ገዳዩ «ነገ ያልቃል» እያለ ዓመት የሚቆጥርባቸው። ሰውዬው አልተለወጠም፤ ያው አንድ ሰው ነው። እዚያ ሕግ አክባሪ፣ እዚህ አቋራጭ ፈላጊ ያደረገው የሚያየው ካርታ መኖር አለመኖሩ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ወደ ተማሪዎቼ። ቢሮውን ብቻ ወቅሼ ብሄድ ደስ ይላችሁ ነበር። አይሆንም።

ማኅተም የምታከራዩ እንዳላችሁ ሁላችንም እናውቃለን። ሳያዩት የሚፈርሙት ንድፍ፣ እግራቸው ያልረገጠው ሳይት፣ የአፈር ምርመራው ከሌላ ቦታ ሪፖርት ላይ የተገለበጠ። «መምህር፣ ሁሉም ያደርገዋል እኮ» ትሉኛላችሁ። ሁሉም ስላደረገው አርማታው ይጠነክራል እንዴ? «ሕንጻ ሹሙ የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ። ቢሮው ጉልበቱን በሙሉ ያፈሰሰው ወረቀት ላይ ነው። ፕላኑን ይደብቃል፣ ፋይሉን ያመላልሳል፣ ማኅተም ይቆጥራል፤ የቁጥጥር ባለሙያው ሳይት ላይ መድረስ ባለበት ሰዓት ግን መኪና የለም። እናንተም ይህን አይታችሁ «ወረቀት ከፈለጉ ወረቀት እንስጣቸው» አላችሁ። የሹሙ ድብብቆሽና የእናንተ ማኅተም ያው የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ ፈቃድ ለጎረቤት የሚገባ ቃል መሆኑ ቀርቶ የሚሸጥ ወረቀት ሆነ።

ጎረቤት ያለውን ግድግዳ ሳይደግፉ ለቤዝመንት የሚቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ማን እንዳለ አስቡ። ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። አፈሩ ሲናድ ፊርማችሁ አያድነውም። ጂ ፕላስ ሁለት ተፈቅዶለት ጂ ፕላስ አራት የሚያቆመው ሰው «ፋውንዴሽኑ ይችላል ብሎኛል» ሲል «ብሎኛል» የሚላችሁ እናንተን ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ጭነት ስንነጋገር ቁጥሩ ለፈተና ብቻ አልነበረም። ማኅተማችሁን ከምታከራዩ ቤታችሁን ብታከራዩ ይሻላል፤ ቤቱ ቢያንስ የሰው ሕይወት አያጠፋም።

ባለ ይዞታዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። «በገዛ ቦታዬ ማን ይጠይቀኛል» የሚል አነጋገር አለን። ጎረቤትህ ይጠይቅሃል! አጥርህ ድረስ ገፍተህ ስትሠራ የሱን ብርሃን ነው የምትወስደው። ፎቅ ስትጨምር ልብስ የምታሰጣው ግቢዋ ላይ ነው የምታፈጥባት። ፕላኑ ይፋ ይሁን የምለው አንዱም ለዚህ ነው። አንተ የምትሠራው ምን እንደሆነ ጎረቤትህ አስቀድሞ ያውቅ ዘንድ፤ ከተጨቃጨቃችሁም ቤቱ ከቆመ በኋላ ሳይሆን መስመር ሲሠመር እንድትጨቃጨቁ።

ይፋ እስኪሆን ድረስስ ምን እናድርግ? ዛሬ ለመሥራት ላሰባችሁ ከልምድ የምነግራችሁ እነዚህን ነው፦

1. ንድፍ ከማሠራታችሁ በፊት የፕላን ስምምነት ጠይቁ። ምን አገልግሎት፣ ስንት ፎቅ፣ ከአጥር ምን ያህል ተትቶ፣ የመንገዱ ወሰን የት ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ። ቦታ ስትገዙ ደግሞ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። «ቦታው ችግር የለበትም» የሚለው የደላላ ቃል ወረቀት አይደለም።

2. በቃል የተነገረ እምቢታን አትቀበሉ። ማመልከቻችሁን በሁለት ኮፒ ጽፋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በአንዱ ላይ ቀንና ቁጥር አስመትታችሁ ያዙ። በጽሑፍ የተጠየቀን ነገር «አልሰማሁም» ማለት ይከብዳል። ይግባኝ የምትሉትም፣ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ የምትሄዱትም በዚያች ቁጥር ነው።

3. ከመቆፈራችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ቡና ጠጡበት። ቀልድ አይደለም። ንድፉን አሳዩት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ አብራችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ነገ «ያንተ ቁፋሮ ነው የሰነጠቀው» ሲባል ሁለታችሁንም ከፍርድ ቤት ያድናችኋል።

4. የሚፈርምላችሁን ባለሙያ ሳይት ላይ አምጡት። አርማታ በሚሞላበት ቀን የማይመጣ መሐንዲስ መሐንዲሳችሁ አይደለም፤ ማኅተም አከራያችሁ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ማስታገሻ ነው። ሰው የገዛ ቦታውን ዕጣ ለማወቅ ሕግ አዋቂና ቆራጥ መሆን የለበትም። ከከተማ አስተዳደሮች፣ ከአዲስ አበባም ከክልል ከተሞችም፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንደኛ፣ መዋቅራዊ ፕላኑና የአካባቢ ልማት ፕላኑ በየወረዳው ግድግዳ ላይ በትልቁ ይሰቀል፤ በድረ ገጽም ይውጣ። በ2009 ዓ.ም. የጸደቀው የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ነው፤ ዘመኑ እያለቀ ነው። ቀጣዩ ሲዘጋጅ ሕዝቡ በረቂቁ ላይ በየሰፈሩ ይናገር። ተሰብሳቢው ተመርጦ፣ ውሎ አበል ተከፍሎት የሚያጨበጭብበት መድረክ ውይይት አይባልም።

ሁለተኛ፣ ለምድብ «ሀ» ሥራዎችና ለጥገና የተለየ መስኮት ይከፈት። መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥ፤ ቀኑ ካለፈ ጥያቄው እንደተፈቀደ ይቆጠር። ያኔ «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ በአንድ ወር ውስጥ ይጠፋል፣ አትጠራጠሩ።

ሦስተኛ፣ እምቢታ ሁሉ በጽሑፍ፣ ከካርታው ላይ ካለችው መስመር ጋር፣ ከፈረመው ሰው ስም ጋር ይሰጥ። ለመንገድ የሚፈለግ ቦታ ካለ ስንት ሜትርና መቼ እንደሆነ ይነገር። መቼ እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ ሰዎቹ ጣሪያቸውን ያድሱ። መንገድ እስኪመጣ ዝናብ አይጠብቅም።

አራተኛ፣ የተፈቀደ ግንባታ ሁሉ ደጁ ላይ ይጻፍበት፦ ምን እንደተፈቀደ፣ ስንት ፎቅ፣ የነዳፊውና የተቆጣጣሪው ስም። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ተቆጣጣሪ ይሆናል፣ ያውም ያለ ደመወዝና ያለ ሻይ።

ከነዚህ አንዱም ከውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ አይደለም። ወረቀት፣ ሚስማርና ፈቃደኝነት ይበቃል። ለዚህ ነው «አቅም የለንም» የሚለውን የማልቀበለው። የጎደለው አቅም ቢሆን ኖሮ ደላላውም ባልኖረው ነበር።

ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ቅኖች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ደመወዛችሁ ትንሽ፣ አለቃችሁ ብዙ ነው። ፕላኑን ይፋ ማድረግ በእናንተ እጅ ላይሆን ይችላል። ግን ነገ ጠዋት ፌስታል ውስጥ ካርታ ይዘው የሚመጡ እናት ሲቆሙ ወንበር ስጧቸው፣ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉላቸው፣ በጣታችሁ «እማማ፣ ቤትዎ ይኸውና፣ መንገዱ ይህ ነው» በሏቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ደላላው ለዚያች አምስት ደቂቃ ነው ቤታቸውን የወሰደው።

«ለልማት ይፈለጋል» ተብላችሁ መልስ ያጣችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ስምና ቦታ ሳትጠቅሱ። ቢሮ ውስጥ የምትሠሩም የእናንተን ወገን ጻፉ፣ ስድብ ብቻ አልፈልግም። ለሚመለከተው ሰው ደግሞ አድርሱልኝ።

ሰላም ዋሉ።